የወርቅነሽ ጉልበትና የቆርቆሮው ዱቄት

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲዬ ሁለት ሰፈር ውስጥ ወርቅነሽን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የመጣ ነው። እኔ ከታች ጨርቅ እሸጣለሁ፣ እሷ ከላይ ትሰፋለች። ቤቱ አንድ ነው፤ ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨት ሆኖ በውጭ በኩል ግድግዳውን ታክኮ የሚወጣ ደረጃ አለው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ላይና ታች ሆነን ኖረናል። ስሜ ዙለይካ ነው፣ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ስለ ወርቅነሽ ሳወራ ለሷ አደላለሁ፤ የማይወድ ጆሮውን ይያዝ።

የምትሰፋው የከባድ መኪና መጋረጃ ነው። ከወደቡ ጭነው ወደ ኢትዮጵያ የሚወጡት ሾፌሮች የሚያድሩት ጋቢናቸው ውስጥ ስለሆነ፣ መጋረጃ የሌለው ጋቢና ለነሱ ቤት አይደለም። ወርቅነሽ በቀይ ከፋይ ላይ ወርቃማ ዘርፍ ታዞርበታለች፤ ለፈለገ የቅዱስ ገብርኤልን ስም፣ ለፈለገ «ማሻአላህ» ትጠልፍበታለች። የዐረብኛውን ፊደል እኔ በጠመኔ እጽፍላታለሁ፣ እሷ በክር ትከተለዋለች። አንዴ አንድ ሾፌር ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጊልኝ ቢላት «መንገዱ ይህን ያህል ከፍቷል እንዴ?» አለችው። ይህን ብትልም አደረገችለት።

የተወለደችው እዚሁ ጅቡቲ ነው። አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፣ ባሏ ገብረማርያምም የባቡር መካኒክ ነበር። በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪና ከድሬዳዋ በባቡር ጭኖ ያመጣላት እሱ ነው። ያኔ የምትሰፋው የባቡር ሠራተኞችን የደንብ ልብስ ነበር። ገብረማርያም ሲሞት ዘመዶች መጥተው «እንግዲህ ልጅሽን ይዘሽ አገርሽ ግቢ» አሏት። «የተወለድኩበት ቤት ከዚህ መስኮት ይታያል፤ ወዴት ነው የምገባው?» ብላ ሸኘቻቸው። ቀጥሎ ደግሞ አሮጌው ባቡር ቆመ፣ የደንብ ልብስ የሚያሰፋም ጠፋ። ሰፈሩ ሁሉ ወርቅነሽ አበቃላት እያለ ሲያማ፣ እሷ ከኔ ከፋይ ወስዳ ከባድ መኪኖቹ ወደሚቆሙበት ሄደችና የመጀመሪያውን መጋረጃ በነጻ ሰፍታ ሰቀለች። ከዚያ በኋላ ደረጃው ከሾፌር ጠፍቶ አያውቅም።

እንግዲህ ይህችን ሴት ነው ጉልበቷ የከዳት። ሰባ ዓመት አልፏታል። መርገጫውን የሚገፋው ቀኝ ጉልበቷ ማበጥ ጀመረ፤ ጠዋት አልታጠፍም ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሲነኩት ይፋጃል። እኔ ከሷ በፊት አውቄዋለሁ። የስፌት መኪናውን ድምፅ ሰምቼ ነው የምውለው፤ ድምፁ መቆራረጥ ሲጀምር ነገሩ ገባኝ። ስጠይቃት «ክሩ እየተበጠሰ ነው» ትለኝ ነበር። ክሩን የሸጥኩላት እኔ ነኝ፣ እንደማይበጠስ አውቃለሁ።

ዶክተር ዓብዱልጀሊል ዘንድ እየጎተትኩ ወሰድኳት። የድሬዳዋ ልጅ ስለሆነ ሕመምን በአማርኛ መናገር ይቻላል። ጉልበቷን ጫን ጫን አድርጎ አየ፣ ደሟን አስመረመረ፣ ከዚያ ብግነት ነው አለ።

«ብግነት ምንድነው?» አለችው።

«ሰውነት ራሱን ለመከላከል የሚያነደው እሳት ነው፣ እማማ። በወጣትነት ነዶ ይጠፋል፤ በእርስዎ ዕድሜ ግን ፍሙ ከሥር ይቀራል። ጉልበትዎ የሚቆጣው ለዚህ ነው።»

«እኔም ስቆጣ ቶሎ አይበርድልኝም» አለች።

የምትውጠውን ማስታገሻ ኩላሊት ይጎዳል ብሎ አስቀነሳት። ከዚያ እንድትራመድ፣ ቢቻል ውሃ ውስጥ እንድትራመድ፣ ደግሞም በእጇ ሳትደገፍ ከወንበር እየተነሳች እንድትቀመጥ አዘዛት።

«ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርከው መነሳትና መቀመጥን ነው?»

«እሱንና ትንሽ ሌላም» አላት ልጁ። ወደድኩት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ፀጋው ግን ሰማ። ፀጋው አንድ ልጇ ነው፣ ወደብ ላይ የትራንዚት ሥራ ይሠራል፣ ከባልባላ ወዲያ ባለው አዲስ ሰፈር ቤት ሠርቷል። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር። እዚሁ ደረጃ ላይ ነው ዳዴ ያለው። ብቻ ቀኑን ሙሉ ኮንቴይነር ሲያስነሳና ሲያስቀምጥ የሚውል ሰው እናቱንም ከዚህ አንስቶ እዚያ ማስቀመጥ ቀላል ይመስለዋል።

አንድ ዓርብ ከሚስቱ ከፅዮናዊት ጋር መጣ። እኔም ላይ ነበርኩ።

«እማዬ፣ በቃ» አለ። «የስፌት መኪናው ይሸጥ። ሾፌሮቹ ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊ፣ ጫላቸው፣ ይፈልገዋል። እኛ ጋ ደረጃ የለም፣ ኤሲ አለ። ትቀመጫለሽ።»

«ተቀምጬ ምን ልሠራ?»

«ምንም። እያየሽ መዋል ነዋ።»

«ምኑን?»

 ከነፀጋው ቤት መስኮት የሚታየው የጎረቤት ግንብ ነው። ለሷ ከዚህ ቤት መውጣት ማለት ከሾፌሮቹ፣ ከቤተ ክርስቲያኗ፣ ከኔም መለየት ነው፤ እንደ ተጣጠፈ ጨርቅ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ ነው። ፊቷ ሲጨልም አየሁ። ፅዮናዊትም ያየች መሰለኝ፣ ቶሎ ብላ ከቦርሳዋ አንድ ነጭ ቆርቆሮ አወጣች።

«ኮላጅን ፔፕታይድ ይባላል፣ እማማ» አለች። «ፕሮቲን ተቆራርጦ ደቅቆ ነው፣ ሆድ ላይ አይከብድም። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ለመገጣጠሚያ ጥሩ ነው፣ ብግነትም ይቀንሳል ይላሉ። ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ በጥብጠው ይጠጡ።»

እዚያው ለዶክተሩ ደወልኩለት። «አይጎዳትም» አለኝ። «ረዳን የሚሉ ሰዎች አሉ። ጥናቶቹ ግን ትንንሽ ናቸው፣ አንዳንዱንም ያስጠኑት ሻጮቹ ናቸው። ከጠጣች ትጠጣ፤ መራመዱን ብቻ እንዳትተው።» ፀጋው የሰማው «አይጎዳትም» የሚለውን ብቻ ነው።

«እንዲህ እናድርግ፣ እማዬ። እስከ ፋሲካ ዱቄቱን ጠጪ። ከፋሲካ በፊት ደምሽ እንደገና ይታያል። ብግነቱ ካልቀነሰ መኪናው ይሸጣል፣ አንቺም እኛ ጋ ትመጫለሽ።»

«ከቀነሰስ?»

«ከቀነሰ ሁለተኛ አላነሳውም።»

«ዙሌ፣ ሰምተሻል» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

«እሺ» አለችው። ወርቅነሽ ሳትከራከር እሺ ስትል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። መጠርጠር ነበረብኝ።

መኪናቸው ከመንገዱ እንደታጠፈ ቆርቆሮውን ይዛ፣ እንደ ሸርጣን በጎኗ እየወረደች መጣች። ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጠችውና በጣቷ ጠቆመች።

«ይህቺ ሥዕል ላም ናት?»

«ላም ናት።»

«ይሄ አረንጓዴ ማኅተምስ?»

«ሐላል ይላል።»

«ማን አረዳት ማለት ነው?»

«የኛ ሰው ነዋ።»

«እንግዲያው ያንቺ ናት» ብላ ወደኔ ገፋችው።

እኛ አገር ይህ ነገር የታወቀ ነው፤ እስላሙ የክርስቲያኑን እርድ፣ ክርስቲያኑም የእስላሙን እርድ አይበላም። ጅቡቲ ደግሞ ሥጋ ቤቱ ሁሉ የኛ ነው። ወርቅነሽ በዚህ ከተማ ዕድሜዋን ሙሉ ስትኖር ከሥጋ ቤት አንድ ጉርሻ ቀምሳ አታውቅም። ሥጋ የምታየው ለበዓል፣ የባቡር ሠራተኞቹ ወገኖች ተሰብስበው በግ ሲያርዱ ብቻ ነው። በጉን የሚያርዱላቸው ሽማግሌም ከገና በኋላ አርፈዋል። የዘንድሮው ወጣት ለዚህ ግድ የለውም፣ ወደብ ላይ የሚውለው ሁሉ ካገኘበት ይበላል፤ ፀጋውም እንደዚያው ነው። እሷ ግን ለዒድ ሩዝ ስልክላት ሥጋውን ለይቼ ነው የማወጣላት፤ እሷም ለበዓሏ ዳቦ ትልክልኛለች እንጂ ወጥ አትልክልኝም። አንድም ቀን በዚህ ተቀያይመን አናውቅም። የሷ የሷ ነው፣ የኔም የኔ ነው።

ቢሆንም ልጇ ያለውን ስለማውቅ ፈራሁ።

«ወርቄ፣ ይሄ እኮ ሥጋ አይደለም፣ ዱቄት ነው» አልኳት።

«ከላም ነው ወይስ ከገብስ?»

«ከላም።»

«ታርዳ ነው ወይስ በሳቅ ሞታ?»

ሳቄ አመለጠኝ። «ደግሞስ ሁዳዴ እየገባ አይደል» አለች። «የኛ ሰው ባርኮ ያረደው ቢሆን እንኳ በጾም ላም ልጠጣ ነው? ልጄ ይህንንም ረስቶታል።» ይህን ስትል ድምፅዋ ወረደ። ቆርቆሮውን አገላብጬ ማየት ጀመርኩ፣ ፊቷን ላለማየት።

«ምን ትዪዋለሽ ታዲያ?»

«እሱ የሚጠይቀኝ ቆርቆሮው ማለቁን ነው። ያልቃል። ላንቺስ ጉልበትሽን አያምሽም?»

ያመኛል። ስድሳዎቹን አጋምሻለሁ፤ ሶላት ላይ ሱጁድ ስወርድ ጉልበቴ ሲንቋቋ ከጎኔ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። እንዲህ ብለን ተስማማን፤ ዱቄቱ ለኔ፣ ባሕሩ ለሁለታችን። እኔም ዶክተሩ ዘንድ ሄጄ ደሜን አስመረመርኩ፤ ብግነት አለብሽ ተባልኩ።

ዘንድሮ ጾማችን ገጠመ፤ የኔ ረመዳን በሷ ሁዳዴ ላይ አረፈ። ጎህ ሲቀድ እኔ ሱብሒ ሰግጄ፣ እሷ ጸሎቷን አድርሳ ወደ ባሕሩ እንወርዳለን። በዚያ ሰዓት ውሃው ሸሽቶ ከሆነ ጭቃማውን አሸዋ ረግጠን ርቀን እንሄዳለን፤ ሞልቶ ከሆነ እዚያው ዳር ዳሩን እስከ ጉልበታችን ገብተን እንራመዳለን። እሷ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ቋጥራ፣ እኔ በሽርጤ። አሸዋው ላይ ኳስ የሚጫወቱ ጎረምሶች መጀመሪያ ቀን አይተው ሳቁብን። አንዱ በሶማልኛ «እናቶቼ፣ ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» አለን። ወርቅነሽ በሶማልኛ «ጉልበታችን» አለችው። ከዚያ ወዲህ ኳሷ ወደኛ ስትመጣ ራሳቸው ሮጠው ይመልሷታል።

ቀላል ነበር አልልም። አንድ ጠዋት ጉልበቷ እንደ ትርንጎ አብጦ ነበር፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እንመለስ» አልኳት። «አንቺ ተመለሺ» አለችኝና ሄደች። ሌላ ቀን ደግሞ አሸዋው ከድቷት ውሃው ውስጥ ቁጭ አለች። ላነሳት እጄን ብዘረጋ መትታ መለሰችልኝ። «ያ ዶክተር በእጅሽ ሳትደገፊ ብሏል» አለች። ተንገዳግዳ ተነሳች፤ ቀሚሷ ውሃ እያንጠባጠበ፣ በመንገዱ ላይ የሚያያትን ሰው ሁሉ እሷ ራሷ እያፈጠጠችበት ገባን። ከዚያ በኋላ ከላይ ሁለት ድምፅ መስማት ጀመርኩ፤ መኪናው ያንቋቋል፣ ያቆማል፣ ከዚያ ወንበሩ ሲጥ ይላል፣ እንደገና ሲጥ ይላል። መሥራትም መነሳት መቀመጥም በየተራ።

እኔ ከመግሪብ በኋላ ሳፈጥር ዱቄቱን በሻሂዬ እጠጣለሁ። ጣዕም የለውም። «ለፅዮናዊት አላህ ይስጥልኝ በዪልኝ» እላታለሁ። ፀጋው በስልክ «ዱቄቱ እንዴት ነው?» ሲላት «እያለቀ ነው» ትለዋለች። ውሸት አልነበረም።

ረመዳን ወጥቶ ዒድ አለፈ፣ ሁዳዴም ወደ መጨረሻው ሆነ። ሁለታችንም ሄደን ደማችንን ሰጠን። ዶክተር ዓብዱልጀሊል ውጤቱን ሲያይ ቅንድቡን ሰቀለ። የወርቅነሽ ብግነት ወርዷል፣ የኔም ወርዷል። ማን ምን እንደጠጣ ስነግረው ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ሳቀ።

«ታዲያ ዱቄቱ ነው ወይስ ባሕሩ?» አልኩት።

«እኔ እንጃ፣ እማማ። ሁለት ሰው ጥናት አይባልም። ለእርስዎም ባሕሩ ይሁን ዱቄቱ፣ ወይም ሁለቱም፣ ማወቅ አልችልም።» ከዚያ ወደ ወርቅነሽ ዞረ። «አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። እሳቱ ቀንሷል እንጂ የተበላው መገጣጠሚያ አይመለስም። ወደፊትም ያምዎታል።»

«መች አይመመኝ አልኩ» አለችው። «እያመመኝም ቢሆን ልሥራ ነው ያልኩት።»

ያን ለት ደረጃውን የወጣችው መደገፊያውን ሳትይዝ ነው። መሐል ላይ ቆማ እንደነበር አይቻለሁ። አላየሁም አልኳት።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ ባልና ሚስቱ መጡ። ፀጋው ውጤቱን በስልክ ሰምቶ ደስታው ፊቱ ላይ አልበቃ ብሎት ነበር። እናቱን ግንባሯን ሳማት። የያዘውን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ሌላ ሦስት ቆርቆሮ ወጣ፤ ያው ላም፣ ያው አረንጓዴ ማኅተም።

«አላልኩሽም፣ እማዬ? ዱቄቱ ሠራ። መሥሪያ ቤት ሁሉ አወራሁልሽ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። «ስለዚህ መኪናው እዚሁ ነው።»

ፀጋው አንገቱን አከከ። ያን ማከክ ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ መስተዋት ሰብሮ ሲመጣም እንዲሁ ነበር። «እሱማ... አሁን እኮ መድኃኒቱን አገኘነው። ማቋረጥ የለብሽም። እዚህ ብቻሽን ሆነሽ ትረሺዋለሽ። እኛ ጋ ብትሆኚ ፅዮናዊት ጠዋት ጠዋት እየበጠበጠች ትሰጥሻለች። ለጫላቸውም ነግሬዋለሁ፣ ከበዓሉ በኋላ መጥቶ መኪናውን ያያል።»

 ወርቅነሽ እጇን የስፌት መኪናው ጎማ ላይ አሳረፈች። የኔ ደም ግን ፈላ። ካልቀነሰ ትሄጃለሽ፣ ከቀነሰም ትሄጃለሽ፤ ይህ ምን ዓይነት ውል ነው? ሰው ሲያረጅ ቃል የሚሰጠው ለማባበያ ብቻ ነው?

«ፀጋው» አልኩት፣ «ምስክር ነኝ። ከቀነሰ ሁለተኛ አላነሳውም ብለሃል።»

«እማ ዙለይካ፣ ልክ ነሽ፣ ግን ዱቄቱ ባይኖር...»

«ዱቄቱን የጠጣሁት እኔ ነኝ።»

ሦስቱም ዞረው አዩኝ። ፀጋው መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ከዚያ እናቱን አየ።

«እማዬ?»

«አንድ ማንኪያ አልቀመስኩም» አለችው።

ቀድማ የገባት ፅዮናዊት ናት። ከቆርቆሮዎቹ አንዱን አነሳች፣ ማኅተሙን አየች፣ በእጇ አፏን ያዘች። «አሳማ እንዳይሆንብኝ ብዬ» አለች ቀስ ብላ። «ፋርማሲው ሁለት ዓይነት ነበረው፤ አንደኛው ከምን እንደሆነ አይታወቅም አለኝ። አሳማ እንዳይሆን ብዬ ሐላሉን መረጥኩ። እማማ፣ ስለ እርስዎ ስጠነቀቅ እኮ ነው።»

«አንቺን አልወቅስሽም፣ ልጄ» አለቻት ወርቅነሽ። «አንቺ ትናንት ነው የመጣሽብን።»

ፀጋው ግን ተናደደ። «ይሄ እኮ ዱቄት ነው፣ እማዬ! በዚህ ዘመን! እኔ ወደብ ላይ ከሥራ ጓደኞቼ ከነሙሚን ጋር በየቀኑ አንድ ትሪ ላይ ነው የምበላው፣ ምን ሆንኩ?»

«አንተ ብላ። ከለከልኩህ? የምትበላውን ቆጥሬ አውቃለሁ?» ከወንበሯ ተነሳች፤ በእጇ አልተደገፈችም። «ዙሌም የኔን አትበላም፣ እኔም የሷን አልበላም፤ እሷ ግን ሩዝ ስትልክልኝ ሥጋውን ለይታ ነው። ለይታ። ሠላሳ ዓመት አንድም ቀን አልተሳሳተችም። አንተ ከእጄ በልተህ ያደግህ ነህ። በሁዳዴ መግቢያ ላም በቆርቆሮ አመጣህልኝ፣ ጠጪ አልከኝ፣ ካልጠጣሽ ቤትሽን ልቀቂ አልከኝ። የማልበላውን የማታውቅ ልጅ ቤት ገብቼ እኔ ማን ልሆን ነው?»

 ውጭ የከባድ መኪና ጡሩምባ ይጮሃል። ፀጋው ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ከረጢቱ ውስጥ መለሰና ወረደ፤ ሲያልፍ ከረጢቱን ባንኮኒዬ ላይ ትቶልኝ ሄደ። ፅዮናዊት ከኋላው ተከተለች።

በሕማማቱ ሳምንት አልመጣም፣ አልደወለም። ወርቅነሽ መጋረጃ መስፋቷን አላቆመችም፤ እንዲያውም በኃይል ነበር የምትረግጠው፣ ኮርኒሴ እየተንቀጠቀጠ። ባሕሩም አልቀረም። ሐሙስ ጠዋት ውሃው መሐል ቆመችና «ከፋኝ፣ ዙሌ» አለችኝ።

«አበዛሽበት?»

«አላበዛሁም። ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። ግን ልጄ ነው፤ ከፋኝ።» ደግሞ ሳቅ አለች። «ልጅ ሆኖ ደም አይወድም ነበር። ለበዓል በግ ሲታረድ አባቱ ቢላውን ሊያስይዘው ሲፈልግ አልጋ ሥር ይገባል። ጎትተን ነበር የምናወጣው።»

«አሁንም ቢሆን አልጋ ሥር ነው ያለው» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን፣ ግን እሷ ቀድማ አቆመች።

ለፋሲካ ምን ትበዪያለሽ ስላት እንቁላል አለችኝ። አራጁ ሽማግሌ ከሞቱ ወዲህ የባቡር ሠራተኞቹ ወገኖች መሰብሰብ ትተዋል። «ሥጋ ካልበሉ ትንሣኤ አይሆንም ያለ የለም» አለች። አንገቷን ቀና አድርጋ ነበር ያለችው። አላመንኳትም።

ጅቡቲ የሚዘጋው ዓርብ እንጂ እሑድ ስላልሆነ፣ የፋሲካ ለት ሱቄ ክፍት ነበር። ረፋዱ ላይ የፀጋው መኪና በሬ ላይ ቆመች። ሲወርድ መጀመሪያ አላወቅኩትም። ነጭ ሸሚዙ ደም በደም ነው፣ አውራ ጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ፊቱ ሠርግ ቤት ሳይተኛ ያደረ ይመስላል። ሁለት እጁን ጨርቅ አልብሶ ትልቅ ድስት ይዟል። ፅዮናዊት ከኋላው እንጀራውን ይዛ ትከተለዋለች፤ ዓይኗን ጣል አድርጋብኝ ፈገግ አለች።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«በግ አርጄ» አለ። «ሾፌሮቹ ሰፈር። ጫላቸው እግሩን ያዘልኝ፣ እኔ አረድኩ። መጀመሪያ ጣቴን ነው የቆረጥኩት።»

«የስፌት መኪናውስ ነገር?»

«ጫላቸው አልፈልግም አለኝ። እትዬ ወርቅነሽ እየሰፉበት ማን ደፍሮ ይወስደዋል አለኝ።» ድስቱን አስተካከለ። «አጥንቱን ከሌሊት ጀምረን ስንቀቅለው ነው ያደርነው። አጥንት ውስጥ ያለው ያው ነው፣ እማ ዙለይካ። ዶክተሩን ጠየቅኩት፤ ይረዳት እንደሆነ አላውቅም፣ ይጣፍጣል ግን አለኝ።»

ወርቅነሽ ከላይ ሰምታለች። በሩ ተከፈተና ደረጃው አናት ላይ ቆመች፤ ነጭ ለብሳ፣ ክንዷን አጣምራ።

«እማዬ፣ እንኳን አደረሰሽ» አለ ፀጋው ከታች። «ነይ እዚህ ከእማ ዙለይካ ጋር ቁጭ ብለሽ ትጠጫለሽ። ወይም መኪናው ውስጥ ግቢና እኛ ጋ እንሂድ፤ ለዛሬ ብቻ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለች። «መረቁ ደረጃ ይወጣል። አንተም ከመረቁ ጋር ውጣ።»

ፀጋው እኔን አየኝ። ምን አባቴ ላድርግልህ በሚል ትከሻዬን ነቀነቅኩ። መውጣት ጀመረ። አርባውን ያለፈ ሰው ነው፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የሚውለው፣ ሆዱም ከእናቱ ጉልበት በላይ አብጧል። መሐል ላይ ደርሶ ቆመና ትንፋሹን ሳበ። 

«ምነው፣ ጉልበትህን አመመህ?» አለችው ከላይ። «ዱቄት ከፈለግህ ዙሌ ጋ አለ።»

ፅዮናዊት ሳቋን መያዝ አቅቷት እንጀራውን ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጠች። ፀጋውም ሳቀ፣ ሳቁ ትንፋሹን ይበልጥ አጠረው፣ እየሳቀ ወጣ። እኔም ሻሂዬን ይዤ ተከተልኳቸው፤ ዱቄቴን በጥብጬበት ነበር። የነሱን መረቅ እኔ አልጠጣም፤ ግን አብሬ መቀመጥ እችላለሁ።

ወርቅነሽ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀመጠች። ፅዮናዊት በኩባያ ቀዳችላት። ወደ አፏ አስጠግታ መልሳ አወረደችው።

«ማን አረደው?» አለች። ሰምታለች፤ ከአፉ ግን መስማት ፈለገች።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ» አለ ፀጋው። የታሰረውን ጣቱን ከፍ አድርጎ አሳያት። «በስመ አብ ብዬ ነው።»

ጣቱን ብዙ አየችው። ከዚያ ጠጣች፣ ቀስ እያለች፣ ኩባያው እስኪደርቅ።

«ጨው ያንሰዋል» አለችና ኩባያውን ዘረጋችለት። «ድገመኝ።»